«ሰው አለ?» ይበቃል

ቆርቆሮ በር ያለው የግቢ ሽንት ቤት ፊት የቆመ የአገራችን ሰው ምን ይላል? መጀመሪያ ይስላል። ቀጥሎ በሩን መታ መታ ያደርጋል። ከዚያ «ሰው አለ?» ይላል። «ወንድ አለ?» አይልም፤ «ሴት አለች?» አይልም። ውስጥ ያለውም «አለ!» ብሎ ይመልሳል፣ ወይም ጉሮሮውን ይጠርጋል። ነገሩ በዚሁ ያልቃል። ጊንጪ፣ አምቦ፣ ጉደር ብትወርዱም ጥያቄው አይለወጥም፤ በኦሮምኛው «ነምኒ ጂራ?» ነው። እዚያም የሚጠየቀው ሰው መኖሩ እንጂ የሰውዬው ጾታ አይደለም።

እንግዲህ ዛሬ የምንጽፈው ስለ ሽንት ቤት ነው። አፍንጫችሁን ከወዲሁ የያዛችሁ ልቀቁት። ስለ ፌዴራሊዝም፣ ስለ ምርጫ፣ ስለ ኑሮ ውድነት ስንጽፍ ቁም ነገረኞች የምንባል፣ ሰው በቀን ስድስትና ሰባት ጊዜ ስለሚፈልገው ነገር ስንጽፍ ግን ቀልደኞች የምንመስል ከሆነ፣ ችግሩ ያለው ጉዳዩን በሚንቀው ዘንድ ነው።

የምንለው አጭር ነው። በከተሞቻችን ለሕዝብ የሚሠራ መጸዳጃ ቤት በተቻለ መጠን ለአንድ ሰው የሚሆን፣ ግድግዳው ከወለል እስከ ጣሪያ የደረሰ፣ ከውስጥ የሚቆለፍ፣ ውሃና መብራት ያለው ክፍል ይሁን። በሩ ላይ «ወንድ» ወይም «ሴት» የሚል ጽሑፍ አያስፈልገውም። በር ላይ ቆሞ የገቢ ወጪውን ጾታ የሚመረምር ዘበኛም፣ ወረፋ ጠባቂም፣ ጎረምሳም አይኑር። ይህን የምንለው ለሴቶች ብለን ነው፤ አቅመ ደካማ ወላጅ ይዘው ለሚዞሩ ልጆች ብለን ነው፤ መልካቸው ወይም ማንነታቸው በሁለቱ በሮች ላይ ከተሳለው ሥዕል ጋር ለማይገጥም ወገኖቻችንም ብለን ነው።

ከሆለታ እስከ ባኮ

ከአዲስ አበባ ወደ ወለጋ የሚወስደውን መንገድ የሄደበት ያውቀዋል። ሆለታ፣ አዲስ ዓለም፣ ጊንጪ፣ አምቦ፣ ጉደር፣ ጌዶ፣ ባኮ እያለ ነቀምቴ ይገባል። አውቶቡሱ መሀል ላይ ዳር ይይዝና ረዳቱ «ሽንት የምትሸኑ ውረዱ!» ይላል። ወንዱ ይወርዳል፣ ጀርባውን ለመንገዱ ሰጥቶ ይቆማል፣ ሱሪውን እያስተካከለ ተመልሶ ይገባል። ሁለት ደቂቃ አይፈጅበትም። ሴቷስ? ቁጥቋጦ ትፈልጋለች። ቁጥቋጦ ከሌለ ጓደኛዋ ነጠላ ትዘረጋላታለች። ጓደኛ ከሌላት መቀመጫዋ ላይ እንደተቀመጠች «ደህና ነኝ» ትላለች። ደህና አይደለችም። ከጠዋት ጀምሮ ውሃ ያልጠጣችው ይህን ሰዓት ፈርታ ነው። ውሃ አለመጠጣትና ሽንት መቋጠር ለሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን እንደሚያጋልጥ ደግሞ የጤና ባለሙያ ሁሉ ይናገረዋል።

ልብ በሉ፣ ይህ የሚሆነው በውሃ ስሟ በናኘ ከተማ መንገድ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1930 ጀምሮ የአምቦ ውሃ በጠርሙስ እየታሸገ በየአገሩ ሲጠጣ ኖሯል። ጥሬ ሥጋ የበላ ሁሉ የከተማዋን ስም ይጠራል። «አንድ አምቦ!» ብሎ የማያውቅ ማን አለ? የሚያሳዝነው፣ ያንኑ አምቦ ጠጥታ መንገድ የጀመረች ሴት የጠጣችውን የምታወርድበት ቦታ መለመኗ ነው።

ከተማ ውስጥ ሲደረስም ነገሩ እምብዛም አይሻልም። በመንገዱ ስንመላለስ ያየነው ሥርዓት ይህ ነው፦ ሻይ ቤት ይገባል፣ የማይፈለግ ሻይ ይታዘዛል፣ አስተናጋጇ ዘንድ ጠጋ ተብሎ በሹክሹክታ ቁልፍ ይጠየቃል። ሻይ መግዣ የሌለው ተማሪስ? ከጠዋት እስከ ማታ ቲማቲምና ሽንኩርት ዘርግታ የምትቀመጥ የገበያ ሴትስ? ባለሻዩ በቁልፉ ላይ ንጉሥ ነው፤ ሲፈልግ ይሰጣል፣ ሲፈልግ «ተበላሽቷል» ይላል። ወንዱ ግን አጥርም ግድግዳም አያጣም፤ ሰውነቱን ማስተንፈሻው ከተማው በሙሉ ነው። አንድ ሕዝብ፣ ሁለት ከተማ ማለት ይህ ነው።

መንደሩ ሠራ፣ ከተማው ረሳ

ፍትሐዊ እንሁን፤ አገሪቱ በዚህ ጉዳይ ምንም አልሠራችም ማለት ውሸት ነው። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ በጋራ በሚያወጡት መረጃ መሠረት፣ እ.ኤ.አ. በ1990 ከኢትዮጵያውያን መካከል ሜዳ ላይ የሚጸዳዳው 92 በመቶ ነበር። በ2015 ይህ ቁጥር ወደ 29 በመቶ ወርዷል። በ25 ዓመት ውስጥ እንዲህ ያለ ለውጥ በዓለም ላይ ጥቂት ነው። ይህን በዋናነት የሠሩት ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ በየቀበሌው የተሰማሩት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ናቸው። አብዛኞቹ ወጣት ሴቶች ናቸው፤ ቤት ለቤት እየዞሩ ጉድጓድ ያስቆፈሩ፣ እጅ ያስታጠቡ።

ነገር ግን የዚያ ዘመቻ ትኩረት የቤት ሽንት ቤት ነበር። እያንዳንዱ አባወራ የራሱን ቆፈረ። የማንም ያልሆነው ቦታ፣ ማለትም መናኸሪያው፣ ገበያው፣ አደባባዩ፣ የመሥሪያ ቤቱ ደጅ፣ የማንም ሳይሆን ቀረ። ገጠር ያለችው ሴት በጓሮዋ የራሷ መጸዳጃ ሲኖራት፣ ምርቷን ይዛ ከተማ በምትመጣበት ቀን መጸዳጃ ታጣለች። ይህን ነው ሥልጣኔ የምንለው?

በዓለም አቀፍ መድረክም አንድ ልናስታውሰው የሚገባ ነገር አለ። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ሐምሌ 21 ቀን 2002 ዓ.ም. ንጹህ ውሃና መጸዳጃ የማግኘትን ነገር ሰብዓዊ መብት ነው ብሎ ሲወስን፣ 122 አገሮች ደግፈዋል፤ የተቃወመ አልነበረም፤ 41 አገሮች ድምፀ ተአቅቦ አድርገዋል። ከአርባ አንዱ አንዷ አገራችን ነበረች። ዲፕሎማቶቻችን ምክንያት ይኖራቸው ይሆናል። ለእኛ ግን አውቶቡስ ውስጥ «ደህና ነኝ» ብላ ስለተቀመጠችው ሴት ሲጠየቁ እነሱም ድምፅ የነፈጓት ይመስለናል።

«የፈረንጅ ነገር» ለሚሉን

ጾታ የማይለይ መጸዳጃ ቤት ስንል ወዲያው የሚመጣውን መልስ እናውቀዋለን። «ይህ የፈረንጅ ነገር ነው፤ ባህላችን አይደለም።» እስቲ ባህላችን ምን እንደሆነ እንመልከት።

በአዋጅ ቁጥር 47/1967 ትርፍ ቤቶች ከተወረሱ ወዲህ በቀበሌ ቤት ያደገ የከተማ ልጅ ስንቱ ነው? አምስት ስድስት ቤተሰብ በአንድ ግቢ፣ ለሁሉም አንድ ሽንት ቤት። እትዬ እከሊትም፣ ጋሽ እከሌም፣ ተማሪውም፣ ሠራተኛዋም ያንኑ በር ያንኳኳሉ። ጠላ ቤቱ፣ ጠጅ ቤቱ፣ የሠርግ ድንኳኑ፣ የለቅሶ ቤቱ ከጓሮው ያለው ብዙውን ጊዜ አንድ በር ነው። ማንም «ባህል ተበላሸ» ብሎ አልጮኸም። የሚጮኸው በሩ አልዘጋ ሲል፣ ጉድጓዱ ሲሞላ፣ የማጽዳት ተራ የደረሰበት ሲጠፋ ነበር። አያቶቻችን ችግሩ የት እንዳለ ከእኛ የበለጠ ያውቁ ነበር ማለት ነው።

እንዲያውም የፈረንጅ ነገር የሚባል ካለ በሩ ላይ የሚለጠፈው ሥዕል ነው። አንዱ ሱሪ የለበሰ፣ ሌላዋ ቀሚስ የለበሰች። ጋቢውን ተከናንቦ የቆመ የአምቦ ሽማግሌ ከሁለቱ የትኛውን ይመስላል? ጂንስ ሱሪ የለበሰች የአምቦ ዩኒቨርሲቲ ተማሪስ በየትኛው በር ትግባ? ሥዕሉን የሣለው ሰው እኛን አይቶ አልሣለውም።

አውሮፕላን የተሳፈረም ይመስክር። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የሚኮራብን፣ የምንኮራበት ድርጅት ነው። በሰማይ ላይ ጳጳሱም፣ ሼኩም፣ ሚኒስትሩም፣ ለሥራ ወደ ቤይሩት የምትሄደው ልጅም አንዱን በር ተራ በተራ ይገባሉ። በሩ ላይ የሚታየው ምልክት «ተይዟል» ወይም «ክፍት ነው» ብቻ ነው። ያው የግቢያችን «ሰው አለ?» ማለት ነው፣ በመብራት ተደርጎ። 10 ሺህ ሜትር ከፍታ ላይ ባህል ያላፈረሰው ነገር መሬት ላይ ሲወርድ ባህል አፍራሽ የሚሆነው በምን ተአምር ነው?

በሁለት በር መሀል የቀሩ

«ወንድ» እና «ሴት» የሚሉት ሁለት በሮች ችግር የማይፈጥሩባቸው ሰዎች አሉ፤ አብዛኞቻችን ነን። የማይመቻቸውን ግን እንቁጠር።

የስምንት ዓመት ወንድ ልጇን ይዛ መናኸሪያ የወረደች እናት አለች። ልጁን ወንዶች ዘንድ ብቻውን ልትከት ትፈራለች፤ ሴቶች ዘንድ ብታስገባው ይጮህባታል። ሴት ልጁን ይዞ የመጣ አባትም እንዲሁ። ዐይናቸው የደከመ አባቷን ሐኪም ቤት ያመጣች ልጅ አለች፤ እሷ የወንዶቹ ውስጥ አትገባ፣ እሳቸው የሴቶቹ ውስጥ አይገቡ። በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ ወንድሟን የምትረዳ እህትም አለች። የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 በሕንፃዎች ውስጥ አካል ጉዳተኞች የሚጠቀሙበት በቂ መጸዳጃ እንዲኖር ሲደነግግ፣ ረዳቱ ከተረጂው ጋር አንድ ዓይነት ጾታ ካልሆነ በየት በኩል እንደሚገቡ የብዙ ሕንፃ ሠሪዎች ፕላን አልመለሰውም።

ቀጥሎ ስማቸውን ጮክ ብለን የማንጠራቸው ሰዎች አሉ። ፀጉሯን አጭር የተቆረጠች፣ ድምጿ ወፈር ያለ ልጅ ትምህርት ቤት ውስጥ ምን ተብላ እንደምትጠራ ሁላችንም እናውቃለን፤ «ወንዳወንድ»። አረማመዱ ለስለስ ያለ ልጅም «ሴታሴት» ይባላል። አንዳንዱ ሰው ሲወለድ ሰውነቱ አዋላጇን «ወንድ ነው» ወይም «ሴት ናት» ለማለት ያስቸገረ ነው። ሌላው ደግሞ ሰው በሚጠራው ጾታና ራሱን በሚያውቅበት ጾታ መካከል ልዩነት ይዞ ይኖራል። እነዚህ ሰዎች በአዲስ አበባም፣ በአምቦም፣ በጌዶም አሉ። ዝም ስላሉ የሌሉ ይመስለናል እንጂ። ለእነሱ የሕዝብ ሽንት ቤት በር ማለት ችሎት ማለት ነው። ዳኛው ማንም ይሁን፤ ወረፋ ላይ የቆመ ሁሉ ዳኛ ነው።

ዓለም ይህን ችሎት በአደባባይ ሲያስችል አይተናል። እ.ኤ.አ. በ2009 በበርሊኑ የዓለም ሻምፒዮና በ800 ሜትር ያሸነፈችው ደቡብ አፍሪካዊት ካስተር ሰሜንያ ገና 18 ዓመቷ ነበር። የጾታ ምርመራ መታዘዙ በዓለም ጋዜጣ ሁሉ ተሰራጨ። ሩጫ እንደ ሃይማኖት በሚታይበት አገራችንም ስንቱ አብሮ ሳቀ። የአንዲት ወጣት ሰውነት የሻይ ቤት ወሬ ሆነ። በውድድር ሜዳ ላይ የመደብ ክርክር ሊኖር ይችላል፤ ሽንት ቤት በር ላይ ግን ሜዳሊያ የለም። እዚያ ማን ምን ያተርፋል?

በአሜሪካ የኖርዝ ካሮላይና ግዛት እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣችው ሕግ በመንግሥት ሕንፃዎች ውስጥ ሰው ሁሉ በልደት ምስክር ወረቀቱ ላይ በተጻፈው ጾታ ወደ መጸዳጃ እንዲገባ አዝዛ ነበር። ግርግሩ በርትቶ በዓመቱ ያን ድንጋጌ ሻረችው። ይህን ሕግ እኛ ዘንድ አምጥተው ሊተክሉ የሚያምራቸውን አንድ ነገር እንጠይቃቸው። የልደት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት የተወለድን እኛ አብዛኞቻችን የልደት ሰርተፊኬት የምናወጣው ውጭ አገር ልንሄድ ስንል ነው። በር ላይ ምን ልናሳይ ነው ታዲያ?

«ሕጉስ?» የሚለንም አይጠፋም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629 በተመሳሳይ ጾታ ሰዎች መካከል የሚፈጸም ድርጊትን ይቀጣል። ያ ሕግ የራሱ ክርክር አለው፤ ዛሬ አንገባበትም። ነገር ግን እሱም ቢሆን የሚቀጣው ድርጊትን ነው። የሰውን ድምፅ፣ አረማመድ፣ የፀጉር አቆራረጥ ወይም ራሱን የሚያውቅበትን መንገድ አይቀጣም። ሽንት መሽናትንማ ጨርሶ አይቀጣም። በሌላ በኩል የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 24 ማንኛውም ሰው ሰብዓዊ ክብሩ የመከበር መብት እንዳለው ይናገራል። አንቀጽ 25 ደግሞ ሰው በጾታውም ሆነ በሌላ አቋሙ ምክንያት እንዳይለይ ይከለክላል። «ማንኛውም ሰው» ነው የሚለው። «ማንኛውም ለዓይን ግልጽ የሆነ ሰው» አይልም።

ስናከብር ጾታ አንጠይቅም

አከባበርን ከሌላ አገር መበደር አያስፈልገንም፤ ቋንቋችን ውስጥ አለ። አማርኛ «አንተ» እና «አንቺ» ብሎ ይለያል። በቃላችን ውስጥ ጾታ የማይገባበት ቦታ ያለ አይመስልም። አክብረን ስንናገር ግን ምን እንላለን? «እርስዎ»። «አንቱ»። «እሳቸው»። አዛውንቱም እርስዎ ናቸው፤ አሮጊቷም እርስዎ ናቸው። «ይግቡ፣ ይቀመጡ፣ ይብሉ» ስንል የምንጋብዘው ወንድ ይሁን ሴት ቃሉ አይናገርም። በኦሮምኛም «ኢሲን» ሲባል እንደዚሁ ነው። ማለትም አማርኛም ኦሮምኛም አክብሮት ደረጃ ላይ ሲደርሱ ጾታን በር ላይ ትተውት ይገባሉ።

ይህን የሰዋስው ነገር ብቻ አድርጋችሁ አትለፉት። አንድን ሰው ለማክበር መጀመሪያ ወንድነቱን ወይም ሴትነቱን ማጣራት እንደማያስፈልግ አባቶቻችንና እናቶቻችን ከተናገሩበት ቆይቷል። እንግዲያው አንድ ሰው «እንዲህ ብላችሁ ጥሩኝ» ሲል፣ እንደጠየቀው መጥራት ምን ያህል ይከብዳል? ለማናውቀው ሹም በቀን አርባ ጊዜ «ክቡር» የምንል ሰዎች፣ ለጎረቤታችን ልጅ አንዲት ቃል መንፈግ ከየት አመጣነው? ሰውን «ወንዳወንድ» ብሎ መሳደብ ባህል ከሆነ፣ «አንቱ» ማለትም ባህል ነው። ሁለቱም የእኛ ናቸው። የትኛውን ይዘን እንደምንቀጥል መምረጥ ደግሞ የእኛ ሥራ ነው።

የሴቶች ስጋት እውነት ነው

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ እንምጣ። ይህን ሐሳብ ስናወራ በመጀመሪያ ያስጠነቀቁን ሴት ጓደኞቻችን ናቸው። «ወንድ ከሚገባበት ገብቼ በሩን ቢከፍትብኝስ? ውጭ ቆሞ ቢጠብቀኝስ?» ብለዋል። ይህ ስጋት ከአየር የመጣ አይደለም። በየመንገዱ የሚለከፉ፣ በታክሲ ውስጥ የሚነካኩ ሴቶች ያሉበት አገር ነው። ስጋታቸውን «ኋላቀርነት» የሚል ሰው ከእኛ ወገን አይደለም።

የሴቶች ብቻ የሆነ መጸዳጃ ራሱ በትግል የመጣ ነገር ነው። የአሜሪካዋ ማሳቹሴትስ ግዛት እ.ኤ.አ. በ1887 በፋብሪካዎች ውስጥ ለሴቶች የተለየ መጸዳጃ እንዲሠራ በሕግ ስታዝዝ፣ ብዙ የሥራ ቦታ ለወንድ ብቻ ታስቦ የተሠራ ነበር። በእኛም አገር ለሴት ተማሪዎች የተለየ መጸዳጃ ይሠራ የሚሉ ሁሉ ትክክል ናቸው። የወር አበባዋ በመጣ ቁጥር ከክፍል የምትቀር ልጅ ጉዳይ የክብር ጉዳይ ነው። መቀሌ ላይ ታጥቦ ደግሞ የሚያገለግል ሞዴስ የምታመርተው ፍሬወይኒ መብራህቱ እ.ኤ.አ. በ2019 የሲኤንኤን የዓመቱ ጀግና ተብላ የተሸለመችው በዚሁ ሥራዋ ነው። ሞዴሱ ግን የሚቀየርበት በር የሚዘጋ ክፍል ይፈልጋል።

ስለዚህ የማንለውን በግልጽ እንናገር። ግድግዳው ከጉልበት በታች ክፍት የሆነ፣ ወንድና ሴት በአንድ አዳራሽ የሚርመሰመሱበት የጋራ ሽንት ቤት ይሠራ አንልም። በትምህርት ቤት በረድፍ የተሠሩት የሴቶች መጸዳጃዎች ይፍረሱም አንልም። የምንለው ሌላ ነው። እያንዳንዱ ክፍል ራሱን የቻለ ይሁን፤ በሩ ሰው ወደሚያልፍበት ግልጽ ቦታ ይከፈት እንጂ ወደ ጨለማ ኮሪደር አይሁን፤ የእጅ መታጠቢያው ውጭ ይሁን፤ ማታ ብርሃን ይኑር። ሴትን የሚጠብቃት መቀርቀሪያው፣ አምፖሉና በአቅራቢያዋ ያለው ሰው ነው። የቀሚስ ሥዕል አጥቂን አስቁሞ አያውቅም። በር ላይ «ሴት» የሚል ጽሑፍ ያለው፣ ቁልፉ ግን የተሰበረ ሽንት ቤት ስንት ነው? ጽሑፉ ማንን አዳነ?

በወረፋ በኩልም ሴቶች ያተርፋሉ። ሴት ልብሷን ለማውለቅና ለመልበስ፣ ልጇን ለማጸዳዳት፣ ሞዴስ ለመቀየር ከወንድ የበለጠ ጊዜ ያስፈልጋታል። ለሁለቱም እኩል ስፋት መስጠት እኩልነት የሚመስለው ለዚህ ነው፤ ሆኖም አይደለም። በቤልጅየም የጌንት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2017 ይህንኑ አስልተው ነበር። በስሌታቸው መሠረት፣ ከ6 ደቂቃ በላይ ይቆይ የነበረው የሴቶች አማካይ ወረፋ ክፍሎቹ ለሁሉም ክፍት ሲሆኑ ወደ አንድ ደቂቃ ተኩል ገደማ ወርዷል። የወንዶቹ ከአንድ ደቂቃ አላለፈም። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ሦስት ክፍል ለወንድ፣ ሦስት ክፍል ለሴት ካልን፣ ሴቶቹ ተሰልፈው የወንዶቹ ባዶ ይውላል። ስድስቱም ለሁሉም ከሆነ ግን ባዶ ክፍል እያለ የሚቆም ሰው አይኖርም። ለድሃ ከተማ ደግሞ ባዶ የሚውል ክፍል ቅንጦት ነው።

ፓሪስ በየመንገዷ ዳር የተከለቻቸው መጸዳጃዎችም እንደዚሁ ናቸው። እ.ኤ.አ. ከ1981 ጀምሮ አንድ ሰው የሚይዙ፣ ጾታ የማይለዩ ናቸው፤ ከ2006 ወዲህ ደግሞ በነጻ ሆነዋል። ፓሪስ ከሀብታም ከተሞች አንዷ ናት፤ ነገሩ ግን በሀብት ብቻ የሚገኝ አይደለም። አራት ግድግዳ፣ አንድ መቀርቀሪያ፣ አንድ ቧንቧ ነው።

አሁን ነው ጊዜው

የኮሪደር ልማት ከአዲስ አበባ ተነስቶ ወደ ክልል ከተሞች ደርሷል። መንገድ ይሰፋል፣ አጥር ይገባል፣ መብራት ይተከላል። የውሃና የፍሳሽ ቱቦ የሚዘረጋው አስፋልቱ ተቆፍሮ ሳለ ነው። አበባው ከተተከለ በኋላ «ሽንት ቤት ረሳን» ማለት መልሶ መቆፈር ነው። ከአምቦ በስተደቡብ ያለችው ወንጪ እ.ኤ.አ. በ2021 በተባበሩት መንግሥታት የቱሪዝም ድርጅት ከዓለም ምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዷ ተብላለች። እንግዳ ይመጣል ብለን ስንዘጋጅ እንግዳውም ሆነ ባለቤቱ የት እንደሚሸና አብረን እናስብ።

ስለዚህ የአምቦ፣ የጊንጪ፣ የጉደር፣ የጌዶና የባኮ ማዘጋጃ ቤቶችን የምንጠይቃቸው ዝርዝር ይህ ነው። በየመናኸሪያውና በየገበያው ከላይ የገለጽናቸው ክፍሎች ይሠሩ። ቢያንስ አንዱ ተሽከርካሪ ወንበር የሚያስገባ፣ ረዳትም የሚይዝ ሰፊ ይሁን። በእያንዳንዱ ውስጥ ክዳን ያለው የቆሻሻ መጣያና ቦርሳ ወይም ነጠላ የሚሰቀልበት መስቀያ ይኑር። ውሃ ሲጠፋ የሚያገለግል ታንከር ጣሪያው ላይ ይቀመጥ። አስተዳደሩ በአዲስ አበባ እንደታየው ለተደራጁ ወጣቶች ይሰጥ፤ ሶፍትና ሞዴስ፣ ሻይና ውሃ እየሸጡ ይጠብቁት፣ ያጽዱት። ክፍያ ካለ አቅም የሌለው በነጻ ይግባ። ጠባቂው ወይም ጠባቂዋ ደግሞ አንድ መመሪያ ብቻ ይሰጣቸው፦ የመጣውን ሁሉ «ይግቡ» ይበሉ። ሌላ ምርመራ የለም።

የእነዚህ ከተሞች ወጣቶች ጥያቄ መጠየቅ አስተማሪ አያስፈልጋቸውም። በ2006 ዓ.ም. በአምቦ፣ በኅዳር 2008 ዓ.ም. በጊንጪ የተነሳው ቁጣ የተነሳው በአንድ የከተማ ማስተር ፕላን ምክንያት ነበር። ጥያቄው «ይህ ፕላን ማንን ያያል፣ ማንን ያፈናቅላል?» የሚል ነበር። ያን ትልቅ ጥያቄ በሕይወታቸው ዋጋ የጠየቁ ከተሞች፣ በአደባባያቸው ማን ቦታ እንዳለውና ማን እንደሌለው ቢጠየቁ ትንሽ ነገር ተጠየቅን አይሉም። ፕላን ላይ ያልተሳለ ሰው ከተማ ውስጥ የለም ማለት ነው።

እናንተም አንባቢዎቻችን ሥራ አላችሁ፤ ማዘጋጃ ቤት አይጠብቅም። በሻይ ቤታችሁ፣ በቢሯችሁ፣ በሕንፃችሁ አንድ ሰው ብቻ የሚይዙ ሁለት ሽንት ቤቶች ካሉ፣ በሮቹ ላይ ያሉትን ሥዕሎች ነገ ጠዋት ላጧቸው። ወጪው አንድ ምላጭ ነው። ከተረፋችሁ ገንዘብ መቀርቀሪያውን አስጠግኑበት። ወረፋ ላይ ቆማችሁ ደግሞ አንድ ጎረምሳ ከፊታችሁ ያለችውን ልጅ «አንተ! የወንዶቹ በዚያ ነው!» ብሎ ሲያላግጥባት ከሰማችሁ፣ አትሳቁ። «ተዋት፣ ተራዋ ነው» በሉት።